ጋሽ ይመርና መቀመጥ የማትችለው ሰናይት

ስልኩ ሲጠራ ወልዲያ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነበር። የደወለችልኝ ዘሐራ ናት፤ መርሳ ሳለሁ አብራኝ ታስተምር የነበረች። "ጋሽ ይመር ሞቱ" አለችኝ። "ከዙሁር በኋላ ቀብረናቸው አሁን መመለሳችን ነው።" ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም ልላት አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ሌሊት አርፈው ቀብሩ በማግስቱ ቀትር ላይ ሆነ፤ በምን አፏ ለማን ለማን ትንገር? ስልኩን ዘግቼ ለልጆቹ የክፍል ሥራ ሰጠሁና ልቀመጥ ብል መቀመጥ አቃተኝ። እነሣለሁ፣ መስኮቱ ጋ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ልጅ "ቲቸር፣ አመመሽ?" አለችኝ።

አብሬያቸው የሠራሁት ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም። ግን ክፍል ውስጥ ቆሜ ግራ ሲገባኝ፣ ዛሬም ድረስ፣ እሳቸው ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር ብዬ የምጠይቀው ስለ ሌላ ስለማንም አይደለም።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አንደኛ ክፍል ብቻ አስተምረዋል። ርዕሰ መምህር ይሁኑ ቢባሉ እምቢ ማለታቸውን ሰዉ እንደ ቂልነት ያወራው ነበር። የኮታቸው ኪሶች ሁልጊዜ እንዳበጡ ናቸው፤ ቆርኪ፣ ሲባጎ፣ የጠመኔ ስባሪ፣ ከየልጁ ሸሚዝ የተበጠሰ ቁልፍ። ልጅ ሲያናግሩ ቆመው አያናግሩም፤ ቁጢጥ ይላሉ። ቁጢጥ ሲሉ ጉልበታቸው ይንቋቋል፣ ልጆቹ ይስቃሉ፣ እሳቸውም "አሮጌ በር ነው" ይሉና ወደ ጨዋታቸው ይገባሉ። ሻይ ሰዓት ላይ አንዳችን ስለ አንድ ተማሪ ካማረርን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ "ምን ፈልጎ ነው?"

"ባለጌ ስለሆነ ነዋ፣ ጋሽ ይመር።"

"እሱ አንቺ ያወጣሽለት ስም ነው። እኔ የጠየቅሁት ምን እንደፈለገ ነው።"

ሰናይትን ያመጣብኝ ዓመት ማስተማር የጀመርኩበት ዓመት ነው። በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ዘግይቶ የተከፈተ ጊዜ ነበር። አንደኛ ክፍል "ሀ" የጋሽ ይመር፣ "ለ" የእኔ፤ በመካከላችን አንድ ግድግዳ። ሰናይት ስድስት ዓመቷ ነው። አባቷ ኪሮስ ጎሚስታ ነው፤ ከትምህርት ቤታችን ዝቅ ብሎ አስፋልቱ ዳር ጎማ ይጠግናል። ልጅቱ ፊደል የቆጠረችው በከባድ መኪና የኋላ መዝጊያ ላይ ከሚጻፈው ነው። የመጀመሪያ ቀን ሰሌዳው ላይ "ሀ" ብዬ ጽፌ ድገሙ ስል እሷ ብድግ አለችና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን "ክፍል ውስጥ ማስቲካ ማኘክ ክልክል ነው" የሚለውን አንብባ ጨረሰች። ከዚያ ዞራ "ለምን?" አለችኝ።

ያን ቀን ስቄያለሁ። ሳምንቱ ሳያልቅ ግን ሳቁ ጠፋ። ሌላ ልጅ ተሳስቶ ሲመልስ መስማት አትችልም፤ ዴስክ ላይ ወጥታ ትጮኻለች። ጠመኔ ከእጄ ትነጥቃለች። አንድ ቀን የበሩን መቀርቀሪያ በምን እንደፈታችው ሳላውቅ ፈትታ፣ ብሎኖቹን በቁመታቸው ደርድራ አገኘኋት። ክፍሉ ውስጥ ሰባ ልጅ አለ። እሷ ስትነሣ ሰባውም ይነሣል።

አንድ ረፋድ ትዕግሥቴ አለቀ። መዳፏን በማስመሪያ መታኋት፤ ከክፍል አውጥቼም በር ላይ አንበረከክኋት። ጥቂት ቆይቼ ባይ የለችም። ያገኛት ባለባጃጅ እንደ ጆንያ ብብቱ ሥር ይዞ አመጣት። "ቲቸር፣ የናንተ ናት? የቆመ ሲኖትራክ ጎማ ሥር ነው ያወጣኋት" አለኝ። በቀጥታ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄጄ "ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኔ" አልኩ። ጋሽ ይመር ጠመኔ ሊወስዱ ገብተው ኖሯል።

"ምን ፈልጋ ነው የሮጠችው?" አሉኝ።

"እኔ እንጃ። ሰይጣን ነው የያዛት።"

"ጠየቅሻት?"

አልጠየቅኋትም ነበር። እሳቸው ጠመኔውን ኪሳቸው ከተቱና "በይ ለኔ ስጪኝ። በምትኳ ሁለት ዝምተኞች አመጣልሻለሁ" አሉ። ርዕሰ መምህሩ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ጋሽ ይመር ግን ወዲያው ሁለት ዓይናፋር ልጆች በሁለት እጃቸው ይዘው መጥተው አስረከቡኝና ሰናይትን ወሰዷት። ለምን እንደሮጠች በኋላ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ያ መኪና ሲያልፍ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብባ አልጨረሰችም ነበር።

ከዚያ በኋላ ግድግዳውን አልፌ ምን እንደሚያደርጓት ለማየት የማልሄድበት ቀን አልነበረም። መንገዱን በሚያሳየው መስኮት አጠገብ አስቀመጧት፤ ፊቷም ቁጢጥ አሉ።

"ሰናይት፣ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ መንገዱ አይታየኝም። ማን ይጠብቅልኝ?"

"እኔ።"

"ስንት መኪና እንዳለፈ በደብተር ትይዥልኛለሽ።"

"ባጃጅም ይቆጠራል?"

"ለብቻው።"

"ጋሪስ?"

"እሱን አንቺው ወስኚ።"

ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ጭረት ታሰምራለች። ጭረቱ ሃምሳ ሲሞላ ተነሥታ እስከ ደወሉ ሮጣ ትመለሳለች፤ ማንም አይከለክላትም። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ጭረቶቹ ሰሌዳ ላይ ይወጡና ክፍሉ በሙሉ ሲደምር ሲቀንስ ይውላል። ጋሽ ይመር ይህን ሁሉ በሳምንት የትምህርት ዕቅዳቸው ላይ ጽፈው ርዕሰ መምህሩን ማኅተም ሲያስመቱ "መኪና መቁጠርም ዕቅድ ሆነ?" ብዬ ቀልጄባቸዋለሁ።

ሁሌ ተሳክቶላቸዋል ማለቴ አይደለም። አንድ ከሰዓት የልጆቹን የፈተና ወረቀት ቀዳድዳ ጥላባቸው፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ብቻቸውን ቆመው አገኘኋቸው።

"ዛሬ ልመታት እጄን አንሥቼ ነበር" አሉኝ። "ዐይኗን እንኳ አልጨፈነችም። ለምዳዋለች ማለት ነው።"

እኔን አላዩኝም፤ አስፋልቱን እያዩ ነው የተናገሩት። ያኔውኑ ኪሮስ ጋ ሄድን። ኪሮስ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከተኛበት መኪና ሥር ወጣ።

"ጋሼ፣ እኔ አልቻልኩም" አለ። "እናቷ ጸበል እንውሰዳት ትላለች።"

"ውሰዷት። ከጸበል ስትመለስም ግን ሥራ ትፈልጋለች። ጎማ ስትፈታ ብሎኑን ማን ይይዝልሃል?"

"ማንም።"

"እንግዲያው እሷ ትያዝልህ። ሲታክትህ ደግሞ አትምታት፤ እኔ ቤት ላካት።"

ያ ዓመት የጦርነቱ የመጀመሪያ ዓመት ነው። ጥቅምት ላይ ውጊያው ሰሜን ከተጀመረ ወዲህ መንገዳችን ዕረፍት አጣ። ወታደር የጫነ መኪና በሰልፍ ወደ ወልዲያ ያልፋል፣ ልጆቹ እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን ጋሽ ይመር የሰናይትን ደብተር ሲገልጡ አዲስ ረድፍ አዩ፤ "ወታደር" ይላል፣ ሥሩ ጭረት በጭረት ነው። ደብተሩን ወስደው ቤታቸው ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ልጅቱንም በጓሮ በኩል ወዳለው መስኮት አዛወሯትና "ከዛሬ ጀምሮ ወፍ ነው የምንቆጥረው" አሏት። ሦስት ቀን አኮረፈቻቸው።

ያላወቁት ነገር፣ ልጅቱ አባቷ ሱቅ ውስጥ ሌላ ደብተር ጀምራ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ውጊያው ቆቦ ደረሰ፤ ከዚያ ወልዲያ። ፍራሽና ሕፃን የተሸከመ ሰው ቀኑን ሙሉ በመርሳ በኩል ወደ ደሴ ይጎርፋል። ሁሉም ሰው በር ላይ ነው የሚውለው፤ አንዱ ደርሰዋል ይላል፣ ሌላው ተመልሰዋል ይላል፤ ምግብ ይቀርብና ሳይበላ ይነሣል። የሰፈር ወጣቶች ተደራጅተው ኬላ ይጠብቃሉ፣ ቤት ይፈትሻሉ። ኪሮስ የትግራይ ተወላጅ ነው። መርሳ ከመጣ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ሚስቱ እቴነሽ የዚያው የሐብሩ ወረዳ ልጅ ናት። ከዚያ በፊት ይህን ቆጥሮ የሚናገር ሰው አልሰማሁም ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ሁሉም ይናገር ጀመር።

እኔ ደሴ ልሄድ ሻንጣዬን አውቶቡሱ ላይ አስጭኜ፣ ጋሽ ይመርን ልሰናበት ቤታቸው ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ እቴነሽ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ሳይኖር ገባች።

"ጋሽ ይመር፣ ኪሮስን ወሰዱት። ጎማ ሥር ደብተር አገኙ። የሰናይት ደብተር።"

ኮታቸውን አንሥተው ወጡ። ነይ አላሉኝም፤ ተከተልኳቸው።

ኪሮስን ያስገቡት አንድ ባዶ መጋዘን ነው። በሩ ላይ ጠብመንጃ የያዘ ወጣት ቆሟል፤ እንድሪስ ይባላል። ከኋላው በዕድሜ የሚበልጠው አንድ ሰው ደብተሩን ይዟል።

"ያ ደብተር የኔ ነው" አሉ ጋሽ ይመር።

"ጋሼ፣ ይሂዱ" አለ እንድሪስ። "ይሄ የሰላይ ሥራ ነው።"

"ጽሑፉን እየው እስቲ። 'ር' ተገልብጣለች። ሰላይ እንዲህ ይጽፋል?"

"እሱ አስጽፏት ቢሆንስ?" አለ ትልቁ ሰውዬ።

"ያስጀመርኳት እኔ ነኝ። አርፋ እንድትቀመጥ ብዬ ሥራ አድርጌ የሰጠኋት እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ሽማግሌውም ይግባ።"

እንድሪስ መሬት መሬት አየ። ጋሽ ይመር በቀስታ "አንተም መቀመጥ አትችልም ነበር" አሉት።

"አውቃለሁ፣ ጋሼ" አለ። አለና በሩን ከፈተላቸው። ሊገቡ ሲሉ ወደ እኔ ዞሩ፦ "የሳምንት ዕቅዴ ቢሮ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው። ማኅተም አለው።"

ሮጥኩ። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ቁልፉን እስኪያገኝ ዘመን መሰለኝ። ዕቅዱን ደረቴ ላይ ይዤ ስመለስ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ረዳቱ "ደሴ፣ የቀረ ይግባ" ይላል። ከዚያ በኋላ ሌላ መኪና እንደማይኖር ሁሉም ያውቅ ነበር። አንድ እግሬን ደረጃው ላይ አደረግሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ወረቀቱን ለአንድ ልጅ ሰጥቼ ብልከውስ ብዬ አሰብኩ፤ አውቶቡሱ ውስጥ የያዙልኝ ቦታም ከዚያ ይታየኛል።

"እህት፣ ወይ ግቢ ወይ ውረጂ" አለኝ ረዳቱ።

ወረቀቱን ወደያዘው እጄ አየሁ። ማስመሪያ የያዝኩበት እጅ ነው። ወረድኩ። ሻንጣዬ ደሴ ሄደ።

እንድሪስ ዕቅዱን ጮክ ብሎ፣ እንደ ተማሪ ቃል በቃል አነበበው። "አንደኛ ክፍል ሀ። ሒሳብ። በመንገድ የሚያልፉ ተሽከርካሪዎችን በመቁጠር መደመርና መቀነስን መለማመድ።" ትልቁ ሰውዬ ተቀበለውና ማኅተሙን በጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ወታደር የሚል የለበትም አለ። እንድሪስ፣ ሕፃን ልጅ ያላለፈ መኪና አይቆጥርም፣ ያለፈውን ነው የቆጠረችው አለው። ብዙ ተጨቃጨቁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለቱም ተለቀቁ። የኪሮስ ከንፈር ተሰንጥቆ ነበር። ጋሽ ይመር እጁን ይዘው ቤቱ ድረስ ሸኙት፤ መንገድ ላይ የሚያዩትን ሰው ሁሉ በስሙ እየጠሩ ሰላምታ ያቀርባሉ፤ ሰዉም አብሮ ኪሮስን ሰላም ለማለት ይገደዳል።

በማግስቱ ኪሮስና እቴነሽ ልጃቸውን ይዘው በሐራ በኩል ወዳለው የእቴነሽ አባት አገር ሄዱ። እኔ ከተፈናቃዩ ጋር በእግሬ እስከ ውርጌሳ ተጉዤ ከዚያ የጭነት መኪና አገኘሁ። ጋሽ ይመርን እንሂድ ብላቸው "ስኳር ይዞኝ የት እደርሳለሁ? አላህ ያውቃል" ብለው ቀሩ። መርሳ ብዙ ሳትቆይ ተያዘች።

ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ትምህርት ቤቱ በርም ዴስክም አልነበረውም። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ይመር መድኃኒታቸው አልቆ ወራት ከርመዋል፤ ግማሽ ሰውነታቸው የሄደ ይመስላል፤ የአንድ እግራቸው ቁስል አልድን ብሎ በምርኩዝ ይሄዳሉ። ያም ሆኖ በሥራ ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጆቻቸው ጋር ወደ ሁለተኛ ክፍል ልለፍ ብለው ጠየቁ።

ሰናይት መጣች፤ ተቀመጠች። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀኑን ሙሉ ተቀመጠች። በማግስቱም እንዲሁ። እቴነሽ የነገረችን ይህን ብቻ ነው፦ አያቷ አገር ሳሉ ከባድ መሣሪያ ጎረቤታቸውን መታው፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ናት። ስም ሲጠራ "አቤት" ትላለች፤ ጻፊ ስትባል ትጽፋለች። እኔ ሞኟ "ተመስገን ነው፣ አደብ ገዛች" አልኩ።

ጋሽ ይመር ሲቆጡ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "ይህች ልጅ ታማለች" አሉኝ። "ዝም ያለ ሁሉ ደኅና ይመስልሻል?"

ብዙም ሳይቆይ ሰሌዳ ላይ ይሳሳቱ ጀመር። ሰባት ሲደመር አምስት አሥራ ሦስት ብለው ጻፉ። በሌላው ቀን "መርሳ" ብለው የጻፉት "መሳር" ሆኖ ተገኘ። ልጆቹ መጀመሪያ ተያይተው ሳቁ፤ ቆይተው እየደፈሩ ያርሟቸው ጀመር፤ እሳቸውም "ጎሽ" ይላሉ። በየቀኑ አንድ ስሕተት አይጠፋም። ወሬው ወላጅ ዘንድ ደረሰ፤ ስኳሩ ጭንቅላታቸው ላይ ወጣ ተባለ። የመጣው ሱፐርቫይዘር ኋላ ቁጭ ብሎ አይቶ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፎባቸው ሄደ። ርዕሰ መምህሩ በትሕትና ጡረታ ስለመውጣት አነጋገራቸው። "ኢንሻአላህ፣ ሰኔ ይምጣ" አሉት እንጂ ስለ ስሕተቱ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

እኔም አመንኩ። ራብና በሽታ ያን ጭንቅላት በላው ብዬ አለቀስኩ። በዕረፍት ሰዓት ሰው ሳያየኝ ክፍላቸው እየገባሁ የተሳሳቱትን አጥፍቼ አርምላቸዋለሁ። አንድ ቀን በር ላይ ደርሰው አዩኝ። "ተይው፣ ልጄ፣ አትንኪው" አሉኝ። ያፈሩ መሰለኝ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

የካቲት ውስጥ አንድ ጠዋት ከወዲያኛው ክፍል ጩኸት ተነሣ። የኔ ልጆች እኔን መስማት አቃታቸው። ትንሽ ታገሥኩ፤ እየባሰ ሄደ። ጋሽ ይመር ወደቁ ብዬ እየሮጥኩ ሄድኩ።

ልጆቹ በሙሉ ድንጋዮቻቸው ላይ ቆመዋል። ፊት ለፊት ሰናይት ሦስት ድንጋይ ደራርባ ወጥታበታለች። ዳስተሩን ስላልጠበቀች ሰሌዳውን በሹራቧ እጅጌ ትፈትገዋለች፤ ፀጉሯም ፊቷም ነጭ ሆኗል። "ዘጠኝ አይደለም፤ ስምንት ነው፤ ስምንት ነው እኮ፤ ስንት ቀን ይሳሳታሉ?" ትላለች፤ ድምፅዋ ተሰነጣጥቋል። ጠመኔውን ከጋሽ ይመር እጅ ነጥቃቸው ኖሮ ጣታቸው እንደያዘ ቀርቷል።

እሳቸው በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርዳል፤ አይጠርጉትም። ያን ጊዜ እንኳ አልገባኝም፤ ክፍሉን ጸጥ ላሰኝ ብዬ አንድ እግሬን አስገባሁ። ምርኩዛቸውን በሩ ላይ አጋድመው አገዱኝ።

"ዝም በይ" አሉኝ በሹክሹክታ፣ ዐይናቸውን ከሰሌዳው ሳያነሡ። "ከላይ በኩል አንድ ሌላ ስሕተት ትቼላታለሁ። እስክታገኘው እንጠብቅ።"